ሲሪንጅ ውስጥ የረጋው ጄል፦ ለባሕር ዳር ሙቀት ስንት ዲግሪ ላይ ይርጋ?

ጣና_ዳር

ጤና ይስጥልኝ። የገጠመኝን ልንገራችሁና ምከሩኝ። የፋርማሲ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የምሠራው ሲቀዘቅዝ የሚፈስ፣ ሲሞቅ የሚረጋ ጄል ላይ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። መድኃኒቱ ከፍሪጅ ሲወጣ እንደ ውሃ ጠብ ይላል፣ ዓይን ላይ ሲያርፍ በገላ ሙቀት ይረጋል፣ ከዚያ መድኃኒቱን ቀስ እያለ ይለቃል። እስካሁን ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው ያለሁት፣ ሰው ላይ አልተሞከረም።

ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ቆመ። ቴርሞሜትሩ 28 ይላል። ሲሪንጁን ከፍሪጅ ሳወጣው ውስጡ ያለው ውሃ ነበር፣ ሳዘነብለው አረፋዋ ሽው ብላ ወደ ላይ ትሄዳለች። ኮሪደር ላይ ጓደኛዬን አግኝቼ ትንሽ አወራን። ስመለስ ገፋሁት፣ እምቢ። ደግሜ ገፋሁት፣ አሁንም እምቢ አለ። ሲያዩት ምንም የተለወጠ ነገር የለም፣ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ተቀምጧል። አረፋዋ ግን መሃል ላይ ተጣብቃ ቀርታለች፣ ገልብጬ ባራግፈውም ንቅንቅ አትልም። በረዶ ውስጥ ሳስቀምጠው 10 ደቂቃ ሳይሞላ አረፋዋ ተላቀቀች፣ ጄሉም መልሶ ፈሰሰ።

ቀመሩን የወሰድኩት ከአንድ የውጭ ጽሑፍ ነው። 18 በመቶ ፖሎክሳመር 407 (ጄሉን የሚሠራው ነገር)፣ በፎስፌት ሳላይን፣ ማለትም በጨው ውሃ፣ የተበጠበጠ። በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ነው ተብሎ ተጽፏል። የነሱ ክፍል 20 ዲግሪ ነው። የኛ ሚያዝያ 28፣ 30 ይደርሳል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ጤና ኬላ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ታካሚው ጋ ሳይደርስ እጃችን ላይ የሚረጋ መድኃኒት ምን ያደርጋል? እናንተ ብትሆኑ በየት በኩል ታስተካክሉታላችሁ?

ፖሊ_ግቢ

እኔ መጀመሪያ ላይ ያለውን ነገር አልገባኝም፣ ይቅርታ። ሙቀት ያቀልጣል እንጂ መቼ ያረጋል? እናቴ የአጥንት ሾርባ ሠርታ ስታሳድረው ጠዋት ረግቶ እናገኘዋለን፣ እሳት ሲነካው ደግሞ ይፈሳል። ይሄ እንዴት ተገልብጦ ሠራ?

ኬሚስትሪ_መምህር

@ፖሊ_ግቢ ጥሩ ጠየቅክ። የእናትህ ሾርባ የሚረጋው በጄላቲን ነው። ጄላቲን ሲቀዘቅዝ ክሮቹ ይጠላለፋሉ፣ ሲሞቅ ይፈታሉ። ፖሎክሳመር ተቃራኒው ነው።

ፖሎክሳመር 407 ማለት ረጅም ሰንሰለት ነው፣ ሦስት ክፍል አለው። ሁለቱ ጫፎች ውሃ ይወዳሉ፣ ከክብደቱ 70 በመቶ ያህሉም እነሱ ናቸው። መሃሉ ግን ውሃን የሚችለው ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። በቀዝቃዛው ጊዜ የውሃ ሞለኪውሎች መሃሉን ከበው ይይዙታል፣ ስለዚህ ይሟሟል። ሲሞቅ ውሃው ይለቀዋል። መሃሉ ሜዳ ላይ ሲቀር ከመሰሎቹ ጋር ተሰብስቦ ከውሃ ይሸሸጋል፣ ውሃ የሚወዱት ጫፎች ደግሞ በውጭ በኩል ይዞሩታል። እንዲህ የተሠራችው ትንሽ ኳስ ሚሴል ትባላለች። ኳሶቹ ጥቂት ከሆኑ ውሃው ውስጥ እየተንሳፈፉ ይኖራሉ፣ ጄል አይሆንም። ሲበዙ ግን ጣሳ ውስጥ እንደተጠቀጠቀ ሽንብራ ይሆናሉ፣ አንዱ ሌላውን አልፎ መሄድ አይችልም። ጄሉ ይሄ ነው። የተጣበቀ ነገር የለም፣ መላወሻ ነው የጠፋው። ለዚያ ነው ሲቀዘቅዝ መልሶ የሚፈሰው። እንቁላል ከተቀቀለ በኋላ አይመለስም፣ ይሄ ግን መቶ ጊዜም ይመላለሳል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው ስለሚያደባልቀው። ፒኒፓም የሚባል ሌላ ፖሊመር አለ፣ 32 ዲግሪ ላይ ከውሃ የሚለያይ። ሄስኪንስና ጊዬ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ይህን ጠባዩን ጽፈውለታል። የፒኒፓም ክሮች እርስ በርስ ታስረው መረብ ሲሆኑ ግን የሚሆነው ሌላ ነው። ያበጠው ጄል 32 ሲያልፍ ይኮማተራል፣ ውሃውንና የያዘውን መድኃኒት እንደሚጨመቅ ስፖንጅ ይተፋል። የእህታችን ጄል ከፈሳሽነት ወደ ርጋት ነው የሚሄደው። ያኛው ከእብጠት ወደ መኮማተር። ሁለቱም «ለሙቀት ምላሽ የሚሰጥ ሃይድሮጄል» ይባላሉ፣ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

ፖሊ_ግቢ

አሁን ገባኝ፣ እናመሰግናለን መምህር። ሃይድሮጄል የሚለው ራሱ ውሃ የያዘ መረብ ማለት ነው አይደል? ተልባ ሲዘፈዘፍ የሚዝለገለገው ዓይነት?

ኬሚስትሪ_መምህር

አዎ፣ ተልባው ወደዚያ የሚጠጋ ነው። የሕፃን ዳይፐር ውስጥ ሽንቱን የሚይዘው ዱቄትም ሃይድሮጄል ይሆናል። ለስላሳው የዓይን ሌንስም እንደዚያው፣ ቼኮቹ ቪችቴርሌና ሊም እ.ኤ.አ. በ1960 ካስተዋወቁት ነገር የመጣ ነው።

ሲስተር_ዘጌ

ጣና ዳር እህቴ፣ በርቺልኝ። ነርስ ነኝ፣ ብዙ ዓመት የሠራሁት ገጠር ነው። ጠብታ ላይ ያለውን ችግር እኔ ልንገርሽ፣ መጽሐፉን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ሕፃን ልጅ ዓይን ላይ ጠብ ስታደርጊ ግማሹ ጉንጩ ላይ ይወርዳል። የቀረው በአፍንጫው በኩል ወደ ጉሮሮው ይገባና «መረረኝ» ብሎ ያለቅሳል። እናትየዋ ደግሞ የፈሰሰውን አይታ ትደግምለታለች። ቅባቱስ? ቴትራሳይክሊን በቀን ሁለቴ ለ6 ሳምንት ተብሎ ይሰጣል። ስንቷ እናት 6 ሳምንት ትጨርሳለች? ልጁ በቅባቱ ዓይኑ ይጨልምበታል፣ ይታገላታል፣ እሷም ውሃ መቅጃ ሰዓቷ ይደርሳል። ሳምንት ሲሞላ ትተወዋለች። አልፈርድባትም።

ስለዚህ አንዴ ጠብ ብሎ የሚቆይ ነገር ብታገኙ ደስታዬ ነው። ግን ለትራኮማ ነው እንዳትይ። ለትራኮማ አዚትሮማይሲን በአፍ፣ ለመንደሩ በሙሉ አንዴ ይሰጣል፣ እሱን የሚያህል የለም። የኛ ክልል ትራኮማ ገና እያሰቃየው ነው፣ መፍትሔው ደግሞ ፊት መታጠብና መጸዳጃ ቤትም ጭምር ነው። ጄሉን ሌላ የዓይን ሕመም ላይ አውዪው።

ጣና_ዳር

@ሲስተር_ዘጌ ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትራኮማ አይደለም፣ ልክ ነሽ። ስለጠብታው ያልሽው በቁጥርም እንዲሁ ነው። ዓይን ቢበዛ 30 ማይክሮሊትር ገደማ ነው የሚይዘው፣ አንድ ጠብታ ደግሞ ከ30 እስከ 50 ይሆናል። ስለዚህ ገና ሲያርፍ ይሞላል፣ ከዚያ እንባው ያጥበዋል። ወደ ዓይን ውስጥ የሚዘልቀው ከ5 በመቶ በታች ነው።

የዓባይ_ማዶ_አባት

ይቅርታ፣ ጨዋታችሁን አቋረጥኩ። ልጄ ዓይኗን ካመማት ቆየ፣ ቅባቱ አስመርሯታል። ይሄ ጄል የት ይሸጣል? ዋጋው ስንት ነው?

ጣና_ዳር

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርልህ። የኔው የቤተ ሙከራ ሥራ ነው፣ አይሸጥም። ሐኪም ያዘዘላትን እንዳታቋርጥ፣ ቅባቱ ካስቸገራት መልሰህ ውሰዳትና ንገራቸው። ቅባቱን ማታ ስትተኛ አድርግላት ሊሉህ ይችላሉ፣ ወይም ይቀይሩላት ይሆናል።

በዚህ ዘዴ የተሠሩ መድኃኒቶች ግን ውጭ አገር ገበያ ላይ ወጥተዋል። ኦቲፕሪዮ የሚባል የጆሮ ሲፕሮፍሎክሳሲን አለ፣ በዚሁ በፖሎክሳመር 407 የተሠራ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ፈቅዳዋለች። ጄልሚቶ የሚባል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ተፈቀደ፣ በኩላሊትና በሽንት ቱቦ በኩል ለሚወጣ የካንሰር ዓይነት። ውስጡ ያለው የካንሰር መድኃኒት፣ ሚቶማይሲን፣ በውሃ ተበጥብጦ ሲገባ ሽንት ወዲያው ጠርጎት ይሄዳል። ጄል ሆኖ ሲገባ ግን ለሰዓታት ይቆያል፣ ሽንቱ ራሱ ቀስ እያለ ያሟሟዋል። እስኪሰጥ ድረስ በረዶ ውስጥ ነው የሚያቆዩት። አያችሁ፣ እዚያም በረዶ አለ።

ጋሽ_መድኃኒት

ልጄ፣ ያንቺን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። መድኃኒት ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቆሜያለሁ፣ ስለ ፍሪጅ የማውቀው አለኝ። ፍሪጁ ቢኖርም መብራቱ የለም። ኢንሱሊን የሚወጉ ደንበኞቼ ገጠር ላይ ሁለት ሸክላ አንዱን በሌላው ውስጥ አድርገው፣ መሃሉን እርጥብ አሸዋ ሞልተው ያስቀምጡ ነበር። ውሃው ሲተን ያቀዘቅዛል። እሱ 4 ዲግሪ አይሰጥሽም፣ ከደጁ ግን በደንብ ይሻላል።

ስለዚህ ቀመርሽን ስትሠሪ ፍሪጅ እንደሌለ አድርገሽ አስቢው። ሁለት ቁጥር ጻፊ። ላይኛው የዓይን ገጽ ነው፣ 34 ዲግሪ ገደማ፣ 37 አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ታችኛው የክፍሉ ሙቀት ነው፣ ለኛ 30 በይው። ጄልሽ በነዚህ መሃል ነው መርጋት ያለበት። አራት ዲግሪ ናት ያለችሽ። ለአውሮፓው ልጅ 14 ዲግሪ አለው፣ እንደልቡ ይሠራል።

ሌላም አለ። ሳላይን ነው የበጠበጥሽበት። ጨው የሚረጋበትን ሙቀት ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ምክንያቱም ውሃውን ይሻማል። መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ሠርተሽ እይው፣ ለዓይን የሚስማማውን የጨው መጠን በኋላ በሌላ ነገር ታስተካክያለሽ።

ጣና_ዳር

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። 34ቷን እኔም 37 ብዬ ነበር የማስባት፣ አሁን ሙሉ ሠንጠረዤን ልቀይር ነው።

ጥያቄ ግን አለኝ። የፖሎክሳመሩን መጠን ብቀንሰው የሚረጋበት ሙቀት ከፍ ይላል። ግን ዓይን ውስጥ 7 ማይክሮሊትር ያህል እንባ አለ። 40 ማይክሮሊትር ጄል ከ7 እንባ ጋር ሲደባለቅ ይቀጥናል፣ ሲቀጥን ደግሞ የሚረጋበት ሙቀት እንደገና ይወጣል። እና ብልቃጥ ውስጥ 32 የነበረው ዓይን ውስጥ 37 ሊሆን ነው። ያኔ ከነጭራሹ አይረጋም።

ኬሚስትሪ_መምህር

ለዚህ ፖሎክሳመር 188ን ጨምሪበት። እሱ ውሃ የሚወደው ጫፉ የበዛ፣ መሃሉ ያነሰ ዘመዱ ነው። ሲገባ የሚሴሎቹን አደራደር ያላላዋል፣ ስለዚህ የ407ቱን መጠን ሳትቀንሺ ሙቀቱ ከፍ ይላል። በትንሽ በትንሹ፣ 2፣ 4፣ 6 በመቶ እያልሽ ሂጂ። ከእንባ ጋር ሳትደባልቂም ደባልቀሽም ለኪ። አንዱን ብቻ ለክቶ መጻፍ ራስን ማታለል ነው።

ቀረሶ_ወዳጅ

እኔ ዓሣ ነጋዴ ነኝ፣ ግን ልጆቼ ሳይንስ ስለሚማሩ አነባለሁ። ባሕር ማዶ ኪቶሳን የሚባል የጄል መሥሪያ ከዓሣ ቅርፊት ይሠራል ሲሉ ሰማሁ። እኛ ጣና ዳር የምንጥለው ቅርፊትና ቆዳ ተራራ ነው። ለዚህ ጄል አይሆንም?

ኬሚስትሪ_መምህር

ወንድሜ፣ ኪቶሳን ከሽሪምፕና ከሸርጣን ልባስ፣ ከእንጉዳይም ነው የሚወጣው። የዓሣ ቅርፊት በአብዛኛው ኮላጅንና እንደ አጥንት ያለ ማዕድን ነው። ኪቶሳንን ከግሊሴሮፎስፌት ጋር አደባልቀው በገላ ሙቀት የሚረጋ ጄል እ.ኤ.አ. በ2000 አሳይተዋል፣ የሰማኸው ከዚያ የመጣ ይሆናል። ቆዳውን ግን አትናቀው። ብራዚል ውስጥ የቀረሶን ቆዳ አጽድተውና ከጀርም ነፃ አድርገው የተቃጠለ ገላ ላይ ሞክረውታል። ያንኑ ቀረሶ፣ የአባይ ቲላፒያ የሚሉትን። ቤት ውስጥ ግን እንዳይሞከር፣ አደራ።

ፖሊ_ግቢ

እኔም አንድ ሐሳብ ልጣል። እንቦጭ! እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሐይቁን እያነቀው ነው። ሴሉሎስ አለው። ሜቲልሴሉሎስም ሲሞቅ ይረጋል ይባላል። ከእንቦጭ ጄል ሠርተን ሁለቱን በአንድ ድንጋይ ብንመታስ?

ጣና_ዳር

@ፖሊ_ግቢ ልብህ ደስ ይላል፣ እንቦጩ እኔንም ያንገበግበኛል። ሁለት ነገር ግን አስብ። ሜቲልሴሉሎስ ለመሥራት ሴሉሎሱን በኃይለኛ አልካሊ አብልተህ፣ ሜቲል ክሎራይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ በግፊት ታስገባበታለህ። እሱ የፋብሪካ ሥራ ነው። ደግሞም ብቻውን የሚረጋው 50 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ወደ ገላ ሙቀት ለማውረድ ጨው ይፈልጋል። ለዓይን የሚገባ ነገር ንጽሕናው ሌላ ነው፣ እንቦጭ ደግሞ ከውሃው ውስጥ ከባድ ብረት ይሰበስባል። ሌላ መላ ፈልግለት፣ እኔም አስባለሁ።

ግልጽ_ጠያቂ

በአክብሮት የማልስማማበት አለኝ። ለምን ሙቀት ላይ ሙጭጭ ትያለሽ? ጌላን የሚባል ሙጫ አለ። ጠብታ ሆኖ ይገባል፣ በእንባ ውስጥ ያለው ሶዲየምና ካልሲየም ሲነካው ይረጋል። ክፍሉ 20 ይሁን 35 ግድ የለውም፣ ፍሪጅም አይሻም። የግላኮማ ቲሞሎል በዚህ መልክ ከተሸጠ ስንት ዘመኑ። ለባሕር ዳር የሚስማማው እሱ ነው። አንቺ አራት ዲግሪ ውስጥ ለመግባት ስትታገይ ያኛው በሰፊው በር ገብቷል።

ጣና_ዳር

ይሄን ማታ ስገላብጠው አደርኩ። ለዓይን ከሆነ እውነትህን ነው፣ አልከራከርህም። ለአማካሪዬ ነግሬ ጌላንን ማወዳደሪያ አድርጌ አስገባዋለሁ፣ ቢበልጠኝም እንደበለጠኝ እጽፋለሁ።

ጆሮን ግን እይልኝ። የጆሮ ቀዳዳ ውስጥ እንባ የለም፣ ጌላንን የሚያረጋው ጨው በበቂ አያገኝም። ሙቀት ግን ሁሌም አለ። ስለዚህ የሙቀቱን ሥራ አልጥለውም። ጆሮ ከዓይን ይሞቃል፣ አራቷ ዲግሪም ትሰፋልኛለች። የሚቀጥለው ምዕራፌ ወደዚያ ሊዞር ነው መሰለኝ።

ጋሽ_መድኃኒት

ጥሩ አስበሻል። ወደ መርፌ እንዳትሄጂ ግን። ፖሎክሳመር 407 በብዛት የአይጥ ሆድ ውስጥ ሲገባ የደም ቅባትን በጣም ያንራል። ጠብታ ላይ መጠኑ ኢምንት ነው። ደግሞ ጄሉ ፈሳሽ ባለበት ቦታ ቶሎ ይሟሟል፣ ለወር የሚቆይ ነገር ከፈለግሽ እሱ አይሆንሽም።

ቀረሶ_ወዳጅ

አንዲት ትንሽ ጥያቄ። እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው 100 ሳይሞላ ነው ይላሉ ልጆቼ። ከፍታው ጄሉን አይነካውም?

ኬሚስትሪ_መምህር

ልክ ናቸው፣ ባሕር ዳር 94 ገደማ ላይ ይፈላል። ጄሉን ግን አይነካውም። መፍላት ከአየሩ ግፊት ጋር የሚታገል ነገር ነው፣ መርጋቱ በውሃውና በሰንሰለቱ መሃል ያለ ጉዳይ ነው።

ጣና_ዳር

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። የለካሁት እንዲህ ነው። ብልቃጡን ውሃ ውስጥ አስቀምጬ አንድ አንድ ዲግሪ እያሞቅኩ፣ በየዲግሪው ገልብጬ 30 ሰከንድ እጠብቃለሁ። ካልፈሰሰ ረጋ ማለት ነው።

የመጀመሪያው፣ 18 በመቶ በሳላይን፣ 24 ላይ ረጋ። ያ ማክሰኞ እጄ ላይ መርጋቱ አያስገርምም። በንጹሕ ውሃ ሲሆን 26። 16 በመቶ ሳደርገው 29 ደረሰልኝና ተደሰትኩ፣ ከእንባው ጋር ስደባልቀው ግን እስከ 37 ድረስ አልረጋም፣ እንደ ቀጭን አጥሚት ሆኖ ቀረ። 18 በመቶ ላይ 188ን 5 በመቶ ስጨምር 30 ተኩል፣ ከእንባ ጋር 34 ሆነ። ለዓይን ጠርዝ ላይ ነው፣ አልኮራበትም። ለጆሮ ይበቃል።

አሠራሩ ላይም አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ዱቄቱን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በትንሽ በትንሹ ነስንሶ፣ ቀስ ብሎ ማማሰል፣ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ነው። ተቻኩዬ መብራት በጠፋበት ቀን የሠራሁት እንደ ጥሬ ሊጥ ጓል ጓል አለብኝና ደፋሁት።

ዛሬ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሪንጁን ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ ተውኩት። ቴርሞሜትሩ 29 ነበር። 10 ሰዓት ላይ አዘነበልኩት። አረፋዋ ሽው ብላ ወጣች።

ሲስተር_ዘጌ

እልል! አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ገጠር ስንሄድ እጃችን ሙሉ ነው፣ ብልቃጡን ጋዋን ኪስ ውስጥ ነው የምንከተው። ኪስ ውስጥ ሞክረሽዋል?

ጣና_ዳር

አልሞከርኩም ነበር። አሁን ኪሴ ከትቼ ግቢውን አንዴ ዞርኩ። 12 ደቂቃ ሲሆነው ረጋ።

ሲስተር_ዘጌ

እንግዲያው ብልቃጡ ላይ በትልቁ ጻፊበት። «ኪስ ውስጥ አይያዝ። ከረጋ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ።» በአማርኛ ይሁን።